ዶራሌ፦ ለንደን ላይ ረትቶ ጅቡቲ ላይ ያጣው ኩባንያ

ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ የሚባል የኮንቴይነር ተርሚናል አለ። ያስተዳድረው የነበረው የዱባይ መንግሥት ንብረት የሆነው ዲፒ ወርልድ ነው። በ2018 የጅቡቲ መንግሥት ነጠቀው። ኩባንያው ለንደን ሄዶ ከሰሰ፤ ደጋግሞም ረታ። ተርሚናሉን ግን መልሶ አላገኘም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ነገሩ የሩቅ ስላልሆነ ነው። በዚያ ተርሚናል የሚያልፈው ዕቃ በአብዛኛው የእኛ ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ ያዘዘው ጨርቅ፣ የፋብሪካ መለዋወጫ፣ የሆስፒታል መሣሪያ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚወርደው። ሁለት ወገኖች ለዓመታት የተናነቁበት ንብረት ዋና ደንበኛ ኢትዮጵያ ሆና ሳለ፣ በክርክሩ ውስጥ ወንበር አልነበራትም። በኋላ ሌላ ቦታ ወንበር ተሰጣት። እሱንም አልተቀመጠችበትም። እዚያ ላይ እንደርሳለን።

የግለሰቦችን ስም አላነሣም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ዳራ

እስከ 1998 ድረስ የኢትዮጵያ ዋና የባሕር በር አሰብ ነበር። የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ አሰብ ተዘጋ፤ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው ነው።

ለጅቡቲ ይህ ሲሳይ ነበር። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ እርሻ የላትም ማለት ይቻላል። ያላት ሀብት አቀማመጧ ነው። ችግሩ አሮጌው ወደብ ለትላልቅ የኮንቴይነር መርከቦች ጥልቀቱ አይበቃም። ገንዘብና ሙያ ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር።

የተገኘው ከዱባይ ነው። ዱባይ የራሷን ወደብ ጀበል አሊን ከ1979 ጀምሮ ስታሠራ ቆይታ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የወደብ ሙያዋን ወደ ውጭ መሸጥ ጀምራ ነበር። በ2000 ጅቡቲ ወደቧን ለ20 ዓመት እንዲያስተዳድርላት ለዱባዩ ድርጅት ሰጠች። በ2005 ሁለት የዱባይ የወደብ ድርጅቶች ተዋህደው ዲፒ ወርልድ ተፈጠረ። በዓመቱ ደግሞ የእንግሊዙን አንጋፋ የመርከብና የወደብ ኩባንያ ፒ ኤንድ ኦን በ6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በግዢው ውስጥ የአሜሪካ ተርሚናሎች ስለነበሩበት የአሜሪካ ምክር ቤት ተንጫጫ። ኩባንያው ተርሚናሎቹን ሸጦ ወጣ። የመንግሥት ኩባንያ ሰው አገር ወደብ ሲገባ ነገሩ ንግድ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ያኔውኑ ታይቷል።

የዶራሌ ውል የተፈረመው በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 30 ቀን 2006 ነው።

## ውሉ ምን ይላል?

ሁለቱ ወገኖች በሽርክና አንድ የተርሚናል ኩባንያ አቋቋሙ። ከአክሲዮኑ 66.66 በመቶ የጅቡቲ ወደብ ኩባንያ ያዘ። ቀሪው 33.34 በመቶ የዲፒ ወርልድ ሆነ። የጅቡቲ መንግሥት ደግሞ ለዚህ የሽርክና ኩባንያ የ30 ዓመት ኮንሴሽን፣ ማለት ተርሚናሉን ይዞ የማስተዳደርና የመጠቀም መብት፣ ሰጠ። ክርክር ቢነሣ የሚታየው በለንደን የግልግል ዳኝነት ነው።

ግንባታው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። ተርሚናሉ በ2008 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። መርከብ የሚጠጋበት ግድግዳ 1,050 ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ 18 ሜትር ነው። በአካባቢው ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ተርሚናል አልነበረም። ሥራው ጥሩ ነበር። በዚህ ላይ ጅቡቲም ብዙ አትከራከርም።

ሁለት ነገሮች ግን ከመጀመሪያው ውስጥ ውስጡን ይቆረቁሩ ነበር።

አንደኛው ድርሻና ሥልጣን አለመገናኘታቸው ነው። ሁለት ሦስተኛው የጅቡቲ ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን የአንድ ሦስተኛው ባለቤት ነው። ኩባንያው ሙያው የእኔ ነው ይላል። ጅቡቲ በበኩሏ በገዛ ንብረቴ ላይ ድምፅ አጣሁ ትላለች።

ሁለተኛውና ዋናው ብቸኝነት ነው። በውሉ መሠረት በጅቡቲ ግዛት ውስጥ ኮንቴይነር የማስተናገድ መብት የዚህ ተርሚናል ብቻ ነበር። ይህን ወደ መሬት አውርደን እንየው። አንድ መርከብ 40 ጫማ ኮንቴይነር ጭኖ ጅቡቲ ደረሰ እንበል። ዕቃው የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ክሬኑ ሲያነሣ ይከፈላል። ግቢ ውስጥ ሲደረደር፣ ነጻ ቀኖቹ ካለፉ፣ በየቀኑ ይቆጠራል። መኪና ላይ ሲጫንም ይከፈላል። ትራንዚተሩ ወረቀት እያሯሯጠ፣ ሹፌሩ በፀሐይ ተራ እየጠበቀ፣ ሒሳቡ በዶላር ይሮጣል። እዚህ ተወደደብኝ ብሎ ማዶ ወዳለው ተርሚናል መሄድ አይቻልም። ማዶ የለም። ጅቡቲም ብትሆን ሌላ ባለሀብት አምጥታ ሁለተኛ የኮንቴይነር ተርሚናል ልክፈት ብትል ውሉ ያስራታል። ወደብ ብቻ ላላት አገር ይህ ቀላል ገደብ አይደለም።

## ነገሩ የከረረው እንዴት ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጥቅ የታየው በሰው በኩል ነው። ውሉን የተደራደሩት የጅቡቲ ወደቦችና ነጻ ቀጣናዎች ባለሥልጣን ኃላፊ ከፕሬዝዳንቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ከአገር ወጡ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ያንን ውል የሚያየው በሌላ ዓይን ሆነ። ሰውዬው ጉቦ በልተው ነው የፈረሙት የሚል ክስ መጣ።

ቀጥሎ አዲስ ባለድርሻ ገባ። ቻይና ሜርቻንትስ የተባለው የቻይና የመንግሥት ኩባንያ በ2013 ከጅቡቲ ወደብ ኩባንያ ላይ 23.5 በመቶ ድርሻ በ185 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህ የዶራሌው ተርሚናል አክሲዮን አይደለም። የዶራሌን ሁለት ሦስተኛ የያዘው ኩባንያ አክሲዮን ነው። ማለት ዲፒ ወርልድ አንድ ቀን ሲነቃ፣ የሸሪኩ ሸሪክ የገዛ ተፎካካሪው ሆኖ አገኘው። በእኔ ግምት ጉዳዩ የተቆረጠው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው አፈጻጸሙ ነው።

ቻይና ይዛ የመጣችውም ብዙ ነበር። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ2016 ተመረቀ። ከዶራሌው ተርሚናል አጠገብ በ590 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ሁለገብ ወደብ በ2017 ተከፈተ። በ2018 ደግሞ ትልቁ ነጻ የንግድ ቀጣና። የዱባዩ ኩባንያ ባለበት የቀረ፣ የቻይናው የሚያስፋፋ መሰለ። ጅቡቲ አንድ ሌላ ከባድ ቅሬታም ታሰማ ነበር፦ ዲፒ ወርልድ ጀበል አሊን እንዳይጎዳ ሲል ዶራሌን ሆን ብሎ ያዝ አድርጎታል ትላለች። ኩባንያው ይህን አይቀበልም።

መንግሥታቱም በዚያው ሰሞን ተኳርፈው ነበር። በ2015 የጅቡቲና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ተቋረጠ፤ ኤምሬቶችም ለየመኑ ጦርነት የጦር ሰፈሯን አሰብ ላይ መሠረተች። ግንኙነቱ በኋላ ቢታደስም ቂሙ ቀረ።

## ጅቡቲ ምን አደረገች?

መጀመሪያ የሄደችው በሕግ መንገድ ነው። በ2014 ለንደን ላይ የግልግል ክስ መሠረተች፦ ውሉ በጉቦ የተገኘ ነውና ይፍረስልኝ አለች። በሌላ በኩል የቀድሞውን ኃላፊ በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሰች። ሁለቱም አልሆነም። በ2016 የእንግሊዙ ፍርድ ቤት በኃላፊው ላይ የቀረበውን ክስ ውድቅ አደረገ። በ2017 መጀመሪያ የግልግል ዳኞቹም ውሉን የሚያፈርስ ነገር አላገኘንም አሉ።

በሕግ እንዳልተሳካ ሲታይ ሕጉ ራሱ ተቀየረ። በኅዳር 2017 የጅቡቲ ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ። ስልታዊ በሚባሉ መሠረተ ልማቶች ላይ የተፈረሙ ውሎችን መንግሥት እንደገና እንዲደራደርባቸው፣ ካልሆነም እንዲያፈርሳቸው የሚፈቅድ ነው። ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ የካቲት 22 ቀን 2018፣ በፕሬዝዳንቱ ድንጋጌ ኮንሴሽኑ ተሠረዘ። አዲስ የመንግሥት ኩባንያ ተርሚናሉን ተረከበ። ክሬኑ አልቆመም፤ መርከብ አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ዕግድ ሰጠ፦ የጅቡቲ ወደብ ኩባንያ የሽርክናውን ስምምነት እንደፈረሰ አድርጎ እንዳይቆጥር። ጅቡቲ ዕግዱን በዘዴ አለፈችው። ዕግዱ የተሰጠው በወደብ ኩባንያው ላይ ነዋ! ከጥቂት ቀናት በኋላ መንግሥት ኩባንያው በተርሚናሉ ላይ ያለውን ድርሻ ወረሰው። የታገደው አካል አክሲዮን የለውም፤ አክሲዮን ያለው አካል አልታገደም። ዓይንን በጨው መታጠብ ነው ሊባል ይችላል፤ ግን በደንብ የታሰበበት ነው።

## ኩባንያው ምን አደረገ?

ዲፒ ወርልድ መንገዱን አንድ አደረገ፦ ለንደን።

እዚያም ቀናው። በ2018 ክረምት የግልግል ዳኞቹ ኮንሴሽኑ አሁንም የጸና ነው፣ የጅቡቲ ሕግና ድንጋጌ አያፈርሰውም ብለው ወሰኑ። በ2019 የገንዘብ ውሳኔ መጣ። ብቸኝነቱ ተጥሷል በሚል 385 ሚሊዮን ዶላር ከነወለዱ፤ ተርሚናሉ ሥራ ከጀመረ በኋላ ወደ እሱ ላልተዛወረ የኮንቴይነር ጭነት ደግሞ ያልተከፈለ ሮያሊቲ (በጭነት ልክ የሚታሰብ የመብት ክፍያ) 148 ሚሊዮን። በድምሩ 533 ሚሊዮን ዶላር። በጥር 2020 ሌላ ውሳኔ ተጨመረ፦ ጅቡቲ በሁለት ወር ውስጥ የኩባንያውን መብት ትመልስ፣ ካልሆነ ካሳ ትክፈል።

ጅቡቲ አልመለሰችም። የሰጠችው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ ጉዳዩ የሉዓላዊነት ነው።

ኩባንያው ቻይና ሜርቻንትስንም ሆንግ ኮንግ ላይ ከስሷል። ከችሎት ውጭ ደግሞ ከዶራሌ ብዙም ሳይርቅ በሶማሌላንዷ በርበራ ላይ ሌላ ወደብ ማልማት ጀምሮ ነበር። የተሻለ ውጤት ያመጣለት ይኸኛው ይመስለኛል።

## ረቺው ማን ነው?

ከጉዳዩ ሁሉ አስገራሚው ክፍል ይህ ነው። በዜና ዲፒ ወርልድ 533 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት ሲባል ሰምተናል። ካሳው የተፈረደው ግን ለሽርክናው የተርሚናል ኩባንያ ነው። የዚያ ኩባንያ 66.66 በመቶ የማን ነው? የጅቡቲ።

ሁለት ሰዎች በሽርክና ወፍጮ ቤት ከፈቱ እንበል። አንዱ ሁለት እጅ አለው፣ ሌላው አንድ እጅ። ባለሁለት እጁ ወፍጮውን ቀምቶ ወሰደ። ዳኛው ለወፍጮ ቤቱ ካሳ ክፈል አለው። ቢከፍል ከገንዘቡ ሁለት እጁ ተመልሶ የሱ ነው። በአክሲዮን ስሌት ብቻ ካየነው፣ ከ533 ሚሊዮኑ ለዱባዩ ኩባንያ የሚደርሰው ወደ 178 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህ ቀልድ የሚመስል ነገር ችሎት ላይም ወጣ። የተርሚናል ኩባንያው ውሳኔውን ለማስፈጸም ዋሽንግተን ሄደ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2023 ውሳኔውን አጸናለት። ጅቡቲ ይግባኝ አለች። ክርክሯ አጭር ነው፦ የጅቡቲ ፍርድ ቤት ለተርሚናል ኩባንያው ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ሾሟል፤ አስተዳዳሪው እነዚህን ጠበቆች አልወከለም፤ ታዲያ በማን ስም ነው የሚከራከሩት? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2024 ጥያቄው ሳይጣራ ውሳኔው ሊጸና አይገባም ብሎ መዝገቡን መለሰው።

በ2025 ደግሞ ዲፒ ወርልድ በጅቡቲ ወደብ ኩባንያ ላይ ያቀረበው የካሳ ጥያቄ በለንደን ውድቅ ሆነ። ዲፒ ወርልድ ይህ በመንግሥቱ ላይ የተሰጡትን ቀደምት ውሳኔዎች አይነካም ይላል። እውነት ነው፣ አይነካም። ግን ለረጅም ጊዜ አልሸነፍ ያለው ኩባንያ በራሱ ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ክስ ተሸነፈ።

ጅቡቲስ? ዋጋ ከፍላለች። የጠበቃ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ያልተከፈለው ውሳኔም ወለድ እየቆጠረ ነው፤ ነገ ሌላ ባለሀብት ሲመጣ ያንን መዝገብ ማገላበጡ አይቀርም። ዲፒ ወርልድ ከሄደ ወደቡ ይሞታል ያሉት ግን ተሳስተዋል። በ2021 የወጣው የዓለም ባንክ የኮንቴይነር ወደቦች የአፈጻጸም ደረጃ ጅቡቲን ከዓለም 61ኛ፣ ከሰሐራ በታች ካሉት ደግሞ ቀዳሚ አድርጓታል። ከነጠቃው በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ሳይናገሩ ጉዳዩን በሕግ ብቻ መተረክ ግማሹን መደበቅ ይሆናል።

## ኢትዮጵያ የት ነበረች?

በዶራሌ ውል ኢትዮጵያ ተዋዋይ አልነበረችም። ተርሚናሉ ሲነጠቅም የጠየቃት የለም። ለአስመጪው የተለወጠ ነገር ቢኖር ደረሰኙ ላይ ያለው የኩባንያ ስም ነው። ባለዕቃ ነን፤ ባለጉዳይ ግን አይደለንም።

በርበራ ላይ ዕድሉ ተገኘ። ዲፒ ወርልድ በ2016 ከሶማሌላንድ ጋር የ30 ዓመት ኮንሴሽን ተፈራረመ፤ እስከ 442 ሚሊዮን ዶላር ለማፍሰስም ቃል ገባ። ድርሻው መጀመሪያ 65 ለ35 ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2018 አዲስ ክፍፍል ተነገረ፦ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሌላንድ 30፣ ኢትዮጵያ 19 በመቶ።

ቀኑን ልብ በሉ። ዶራሌ ከተነጠቀ አንድ ሳምንቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን እለቃለሁ ካሉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነው። ኩባንያው ለጅቡቲ መልእክት እየላከ ነበር፦ ደንበኛሽን ይዤ መሄድ እችላለሁ። ኢትዮጵያ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጠቃሚ ካርድ ነበረች። ካርድ መሆንና ተጫዋች መሆን ግን ይለያያል።

ሞቃዲሾ ወዲያው ተቆጣች። በዚያው ወር የሶማሊያ ፓርላማ ዲፒ ወርልድ በአገሪቱ እንዳይሠራ ከለከለ። ሃርጌሳ ግን ሰምታ አልሰማችም፤ ሥራው ቀጠለ። በሰኔ 2021 በርበራ ላይ 400 ሜትር ግድግዳና 17 ሜትር ጥልቀት ያለው አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ተመረቀ። በዓመት ማስተናገድ የሚችለው ከ150 ሺህ ወደ 500 ሺህ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አደገ።

ኢትዮጵያስ? በሰኔ 2022 የሶማሌላንድ ባለሥልጣን 19 በመቶው መቅረቱን በይፋ ተናገሩ፦ ኢትዮጵያ ለባለቤትነቱ የተቀመጡትን ግዴታዎች በወቅቱ አላሟላችም አሉ። በመካከል መንግሥት ተለውጧል፣ ከአሥመራ ጋር ዕርቅ ወርዷል፣ ሰሜኑ ላይ ጦርነት ተነሥቷል። ምክንያት አይጠፋም። ለሌላ ሥራ ግን ገንዘብ ተገኝቷል። በርበራ የቀረው ጉዳዩን ከጀመረው ሰው በኋላ የኔ ነው ብሎ የያዘው መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ይመስለኛል። ከጅቡቲ ወደብ ድርሻ ስለመውሰድም በ2018 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጅቡቲን ሲጎበኙ ስምምነት ተነግሮ ነበር። እሱም ውሃ በላው።

በርበራ ዛሬ ለኢትዮጵያ ዕቃ ክፍት ነው። ትራንዚተሩ ሁለት አማራጭ አለው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምንጠቀመው ግን እንደ ደንበኛ ነው።

## ለሌላ ሥራ የሚጠቅመው

የካሳ አንቀጽ ሲረቀቅ ገንዘቡ በማን ስም እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። ዲፒ ወርልድ ኮንሴሽኑን በሽርክናው ኩባንያ ስም ያዘ፤ ከዚያ ሸሪኩ ባላጋራ ሲሆን የራሱ ረቺነት በሸሪኩ ኪስ ገባ። በአገራችንም ከውጭ ድርጅት ጋር ሽርክና የሚገቡ ብዙ ናቸው። ማኅበሩ ሲጣላ በማኅበሩ ስም ጠበቃ የሚያቆመው ማን ነው? መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም።

የሸሪክን ሸሪክ መቆጣጠርም እንዲሁ። በ2013 የቻይናው ኩባንያ ሲገባ የተሸጠው ከላይ ያለው ኩባንያ አክሲዮን ስለሆነ፣ ታች ያለው ተርሚናል በወረቀት ላይ ምንም አልተነካም። በተግባር ግን ሁሉ ነገር ተነካ። ውሉ ውስጥ ከላይ የሚደረግ የባለቤትነት ለውጥ እንዲህና እንዲህ ያስከትላል የሚል አንቀጽ ያስፈልጋል።

ብቸኝነትን በተመለከተ የኔ አቋም ግልጽ ነው። አንድ መንግሥት ብቸኛ ሀብቱን ለ30 ዓመት ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ ሦስተኛው ፕሬዝዳንት አይቀበለውም። በጅቡቲ የፈረመው መንግሥት ራሱ ነው ያልተቀበለው። ብቸኝነት ከተሰጠ በጭነት መጠን ወይም በጥቂት ዓመታት መገደብ አለበት። ጭነቱ ከዚህ በላይ ካደገ ሁለተኛ ተርሚናል ይፈቀዳል ቢባል ኖሮ፣ ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትርፍ አግኝቶ ጅቡቲም መተንፈሻ ታገኝ ነበር።

ታንዛኒያ ይህን የተማረች ይመስላል። በ2022 ከዱባይ ጋር የተፈራረመችው ስምምነት ሕዝቡን አስቆጣ፤ ጊዜው አልተወሰነም፣ ለመውጣትም አይመችም ተባለ። ተቃዋሚዎች ታሰሩ። ጥቅምት 2023 ዝርዝሩ ሲፈረም ግን ከዳሬሰላም ወደብ የተሰጠው ከፊሉ ነው፤ ዘመኑ 30 ዓመት ሲሆን አፈጻጸሙ በየአምስት ዓመቱ ይገመገማል ተብሏል። ጩኸቱ ቢያንስ ይህን አመጣ።

ለእኛ የሚቀርበው የ19 በመቶው ጉዳይ ነው። የባሕር በር ነገር እንደገና ትልቅ አጀንዳ ሆኗል፤ ከሶማሌላንድ ጋር በጥር 2024 የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና በዚያው ዓመት መጨረሻ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የወጣው መግለጫ ገና ብዙ ያነጋግራሉ። ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ታሪክ የሚነገረው እንዳለ ሆኖ፣ ድርሻ ሲባል ክፍያው በየትኛው ዓመት በጀት ውስጥ ገባ? ገንዘቡ ከዘገየ ምን ይሆናል? ቦርዱ ላይ የሚቀመጠው የየትኛው መሥሪያ ቤት ሰው ነው? ሚኒስትሩ ቢቀየር ፋይሉን ማን ይይዛል? በርበራ ላይ ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ ቢኖር ኖሮ፣ በ2022 ሃርጌሳ ላይ የተሰጠው መግለጫ ሌላ ይሆን ነበር።